3600 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? የቼዝ ኢንጂኖች ፈተናና የፍትሃዊነት ጣጣው

የቼዝ ኢንጂኖች፣ ማለትም ቼዝ የሚጫወቱ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች፣ የሬቲንግ (የጥንካሬ ነጥብ) ዝርዝር አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ከላይ ስቶክፊሽ አለ። ከሱ ሥር ሌሎቹ ተሰልፈዋል። ከእያንዳንዳቸው ጎን 3500 ምናምን የሚል ቁጥር ተቀምጧል። ዝርዝር ባለበት ደግሞ ጭቅጭቅ አይጠፋም። አንዱ «ማሽኑ ለኔ ኢንጂን አይመችም» ይላል። ሌላው «ሰዓቱ አጠረ» ይላል። ሦስተኛው መክፈቻዎቹን (የጨዋታውን የመጀመሪያ እርምጃዎች) ማን መረጣቸው ብሎ ይነሳል። አስቸጋሪው ነገር ሦስቱም እውነት ሊኖራቸው መቻሉ ነው።

ፍትሃዊ ሲባል ቶሎ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው እኩልነት ነው። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ኮምፒውተር፣ አንድ ዓይነት ሰዓት፣ አለቀ። ግን አያልቅም። አንዱ ኢንጂን የሚሮጠው በተራ ፕሮሰሰር ሲሆን ሌላው ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል። አንዱ ብዙ ሜሞሪ ሲያገኝ ይፈካል፣ ሌላው ምንም አይመስለው። አንዱን ነገር እኩል ስታደርጉ ሌላው ይዛባል። ለኔ ፍትሃዊ ፈተና ማለት ምን እንደሚለካ አስቀድሞ የተናገረ፣ ከዚያም ያንኑ ብቻ የለካ ፈተና ነው። ይህን ይዘን እንግባ።

መጀመሪያ ቁጥሩ ራሱ። ኢሎ የሚባለው ስሌት ስሙን ያገኘው ከአርፓድ ኢሎ ነው፤ ሃንጋሪ ተወልዶ አሜሪካ የኖረ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ነበር። የአሜሪካ ቼዝ ፌዴሬሽን ስሌቱን በ1960 ተቀበለው፣ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ፊዴ ደግሞ በ1970 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሐሳቡ ቀላል ነው። የሁለት ተጫዋቾች የሬቲንግ ልዩነት ጠንካራው ከመቶ ስንት ነጥብ እንደሚወስድ ይተነብያል። ልዩነቱ 100 ከሆነ 64 ያህል፣ 200 ከሆነ 76 ያህል፣ 400 ከሆነ 91 ያህል። ማሸነፍ አንድ ነጥብ፣ አቻ ግማሽ ነጥብ ነው። በቃ።

ልብ በሉ፣ ስሌቱ የሚያውቀው ልዩነትን ብቻ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ላሉት ሁሉ 500 ነጥብ ብትጨምሩላቸው የሚለወጥ ነገር የለም፤ ትንበያው ያው ነው። ስለዚህ የአንድ ዝርዝር ቁጥር ትርጉም የሚኖረው እዚያው ዝርዝር ውስጥ ነው። ያኔ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ማግነስ ካርልሰን በ2014 ፊዴ ዝርዝር ላይ 2882 ደርሷል። ያን ቁጥር ከአንድ ኢንጂን 3600 ጋር አስቀምጦ «በ718 ይበልጠዋል» የሚል ሰው በየቦታው ታገኛላችሁ። ኢንጂኑ እንደሚያሸንፍ ቅንጣት አልጠራጠርም። 718 የሚለውን ግን ማንም አልለካውም። ሁለቱ ቁጥሮች የመጡት እርስ በርስ ካልተጋጠሙ ሁለት የተጫዋች ስብስቦች ነው። ሁለት የኢንጂን ዝርዝሮችን ማወዳደርም እንደዚያው ነው። አንዱ ላይ 3450፣ ሌላው ላይ 3520 የተሰጠው ኢንጂን አልተሻሻለም፣ ሰፈሩን ነው የቀየረው።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ቦታ ይመጣል፤ የጨዋታ ብዛት። ሁለት ኢንጂኖች 100 ጨዋታ ተጫወቱ እንበል። አንደኛው 28 አሸነፈ፣ ሁለተኛው 22 አሸነፈ፣ 50ው አቻ ወጣ። አንደኛው 53 ነጥብ ይዟል። በኢሎ ሲሰላ 21 ነጥብ ገደማ ይበልጣል ማለት ነው። ሠሪው ደስ ብሎት አዲስ እትም ሊለቅ ይነሳል።

ቆይ። የስህተት ልኩን እናስላ። ግማሹ ጨዋታ አቻ በሚወጣበት ግጥሚያ የአንድ ጨዋታ ውጤት ከአማካዩ በ0.35 ያህል ከፍ ዝቅ ይላል። ለ100 ጨዋታ ይህን ለ10 ታካፍሉታላችሁ፣ 10 የ100 ስኩዌር ሩት ስለሆነ። 3.5 ከመቶ ይመጣል። የተለመደውን የ95 ከመቶ እርግጠኝነት ለማግኘት ደግሞ በሁለት ታበዙታላችሁ፣ 7 ከመቶ። እንግዲህ የአንደኛው ኢንጂን ትክክለኛ አቅም ከ46 እስከ 60 ከመቶ ባለው ውስጥ የሆነ ቦታ ነው። በኢሎ ስትመነዝሩት ከተቃራኒው በ28 ከማነስ ጀምሮ በ70 እስከ መብለጥ። ይህን ሁሉ ጨዋታ አጫውታችሁ ያገኛችሁት መልስ «አልታወቀም» ነው።

ጨዋታውን 1,000 ስታደርሱት ስህተቱ ወደ 15 ኢሎ ይወርዳል። 10,000 ላይ 5 ገደማ ይሆናል። አሥር እጥፍ ደክማችሁ ስህተቱ የሚቀንሰው ወደ ሲሶው ብቻ ነው። 2 ወይም 3 ኢሎ የምትሆን መሻሻል ለማየት የሚፈልጉ ኢንጂን ሠሪዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጨዋታ የሚያጫውቱት ለዚህ ነው። አንድ ሰው «20 ጨዋታ አጫውቼ 12 ለ8 አሸነፈ» ብሎ ሲጽፍ ካያችሁ በደግ ፈገግ ብላችሁ እለፉ።

ወደ መክፈቻ እንምጣ። ጭቅጭቁ የሚበዛው እዚህ ነው፣ ሲበዛም ተገቢ ነው።

ሁለት ኢንጂኖችን ከመነሻው አሰላለፍ ዝም ብላችሁ ብትለቋቸው ያው ጨዋታ ደግሞ ደጋግሞ ሊመጣ ይችላል። ኢንጂን አይሰለቸውም። በአንድ ኮር (ፕሮሰሰር ውስጥ ለብቻው የሚሠራ አንድ ክፍል)፣ በተወሰነ የስሌት መጠን ሲሮጥ ትናንት የተጫወተውን ዛሬም ይጫወታል። 1,000 ጨዋታ ተጫወቱ ትላላችሁ፣ ገልጣችሁ ስታዩት ግን ጥቂት ጨዋታዎች ናቸው፣ ሌላው ግልባጭ ነው። ያ ሁሉ የስህተት ስሌት ውሃ በላው። ስለዚህ ጨዋታውን ከተለያየ ቦታ ማስጀመር ግድ ነው።

ድሮ ይህ የሚፈታው እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን የመክፈቻ መጽሐፍ ይዞ በመምጣቱ ነበር። መጽሐፍ የሚባለው ኢንጂኑ ሳያስብ የሚጫወታቸው የተዘጋጁ መስመሮች ክምችት ነው። የስዊድኑ የቼዝ ኮምፒውተር ማኅበር፣ ኤስኤስዲኤፍ፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ፕሮግራሞችን ከነመጽሐፋቸው እያጋጠመ ዝርዝር ያወጣ ነበር። ይህ ለገዢ ተገቢ ነው፤ ሰው የሚገዛው ጥቅሉን ነው እንጂ የማሰቢያውን ክፍል ለብቻው አይደለም። ጣጣው ከመጽሐፍ አዘጋጁ ይመጣል። ጎበዝ አዘጋጅ የተጋጣሚውን ፕሮግራም ድክመት አጥንቶ፣ ያ ፕሮግራም ገና ከመጽሐፉ ሲወጣ ራሱን ያለቀለት ቦታ ላይ የሚያገኝበትን መስመር ያስገባል። ተጋጣሚው አንድ እርምጃ እንኳ በራሱ ሳያስብ ተሸነፈ። መጽሐፉ ካሸነፈ በኋላ ያሸነፈበትን መስመር የሚያስታውስ ከሆነ ደግሞ ያችኑ መንገድ እየደጋገመ ነጥብ ይለቅማል። እዚህ የተለካው የኢንጂኑ ጉብዝና ነው ወይስ የአዘጋጁ ተንኮል? ሁለቱም ተደባልቀው ነው፣ ከቁጥሩ ላይም ለይታችሁ ልታወጧቸው አትችሉም።

ስለዚህ እንደ ሲሲአርኤል ያሉት ዝርዝሮች የኢንጂኖቹን መጽሐፍ ዘግተው ለሁሉም ገለልተኛ መክፈቻ ይሰጣሉ። ቲሴክ የሚባለው ከ2010 ጀምሮ የሚካሄደው የኢንጂኖች ሻምፒዮናም መክፈቻዎቹን ራሱ ያዘጋጃል፤ በፍጻሜውም እያንዳንዱ መክፈቻ ሁለት ጊዜ ይደረጋል፣ ቀለም ተቀያይሮ። የዚህ ጥቅም ግልጽ ነው። መክፈቻው ለነጭ ቢያደላ ሁለቱም ኢንጂኖች በየተራ ነጭ ሆነው ያደላላቸዋል። በየተራ ጥቁር ሆነውም ይሰቃያሉ። ቀለም ሳይቀያየር የተደረገ ፈተና ውጤት ካያችሁ አታንብቡት፤ ይህ ድርድር የለውም።

ጥንዶቹ ሌላም ነገር ይቀይራሉ። በአንድ መክፈቻ የተደረጉ ሁለት ጨዋታዎች የተሳሰሩ ናቸው። ነጭ የሚያሸንፍበት መክፈቻ ከሆነ ሁለቱም ነጭ ሆነው አሸንፈው አንድ ለአንድ ይወጣሉ። ይህ ሁለት ድል ቢመስልም የሚያስረዳችሁ ነገር የለም። ስለዚህ ጥንቁቅ ፈታኞች ጨዋታን ለብቻው አይቆጥሩም። ጥንዱን ይቆጥራሉ፤ 0፣ ግማሽ፣ 1፣ 1 ተኩል ወይም 2 ነጥብ፣ አምስት ዓይነት ውጤት። እንዲህ ሲቆጠር የስህተት ልኩ ትክክለኛ ይሆናል፣ ብዙ ጊዜም ጠበብ ይላል።

የዛሬው ራስ ምታት ግን አቻ ነው። ኢንጂኖቹ እጅግ ስለጠነከሩ ከተመጣጠነ መክፈቻ ስታስጀምሯቸው፣ በተለይ ረጅም ሰዓት ከሰጣችኋቸው፣ አብዛኛው ጨዋታ አቻ ይወጣል። ጠንካራውን ከደካማው የሚለይ ነገር ይጠፋል። ለዚህ የተገኘው መላ ሚዛኑ የተዛባ መክፈቻ ነው። ነጭ ወደ ማሸነፍ ተጠግቶ፣ ግን ገና ሳያሸንፍ የሚገኝበት ቦታ ይመረጣል። አሁን ጠንካራው ኢንጂን በነጭ ያሸንፋል፣ በጥቁር ደግሞ አፋፍ ላይ ቆሞ አቻ ይነጥቃል፤ ደካማው ሁለቱንም ያቅተዋል። ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ይህን «ማጭበርበር ነው» የሚሉ አሉ። አልስማማም። ሁለቱም በእኩል የተዛባ ቦታ ስለሚጫወቱ ማንም አልተበደለም፣ ማን ይበልጣል የሚለውንም በትንሽ ጨዋታ ይመልሳል። የማልወደው ከዚያ በኋላ የሚደረገውን ነው። በተዛባ መክፈቻ የተገኘውን የ40 ኢሎ ልዩነት ይዞ «በተራ ጨዋታም በ40 እበልጣለሁ» ማለት። አትበልጥም። በተመጣጠነ መክፈቻ ያው ልዩነት በጣም ይጨመቃል። ቁጥሩ የመክፈቻው ልጅ ነው።

አሁን ወደ ማሽኑ። አንድ ላፕቶፕ አስቡ፣ አራት ኮር ያለው። ሁለት ኢንጂኖች ጭናችሁ ለእያንዳንዳቸው አራት ኮር ፈቅዳችሁ ልታጋጥሟቸው ነው። ኢንጂኖች ተጋጣሚያቸው ሲያስብ እነሱም እንዲያስቡ የሚያደርግ ምርጫ አላቸው። ያ ምርጫ ከበራ በማንኛውም ሰዓት ሁለቱም እየሠሩ ነው። ስምንት ሥራ በአራት ኮር ላይ ይጋፋል። ማን ስንት እንዳገኘ የሚወስነው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ነው፣ እሱ ደግሞ ስለ ፍትሃዊነት ያነበበው ነገር የለም። አንዱ ሰዓቱ እየቆጠረበት ሌላው ኮሩን ይበላበታል። ስለዚህ በአንድ ማሽን ላይ ሲፈተን ያንን ምርጫ ማጥፋት የመጀመሪያው ሥራ ነው። ትልልቆቹ ዝርዝሮችም ያጠፉታል።

አጠፋችሁት እንበል። ጨዋታው ይጀምራል። ትንሽ ቆይቶ ማራገቢያው ይጮሃል፣ ፕሮሰሰሩ ይግላል፣ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ይህ ሁለቱንም በእኩል ቢመታ ባልከፋ። ግን ጨዋታ የሚጠነክርበት ሰዓት ላይ የትኛው ተረኛ እንደሚሆን አይታወቅም። ደግሞ ላፕቶፑ አራት ኮር እያለው ስምንት አለኝ ሊላችሁ ይችላል፤ ግማሾቹ እውነተኛ አይደሉም፣ ከሌላው ጋር የሚጋሩ ናቸው። አዳዲሶቹ ፕሮሰሰሮች ላይ ደግሞ ፈጣን ኮርና ቆጣቢ ኮር ተቀላቅለው ይመጣሉ። አንዱ ኢንጂን ፈጣኑ ላይ፣ ሌላው ቆጣቢው ላይ ካረፈ ያለቀለት ነገር ነው፣ እናንተ ግን ከፊት ለፊታችሁ የምታዩት የሰሌዳውን ምስል ብቻ ነው።

ጊዜ ለመቆጠብ አራት ጨዋታ ባንዴ ብታካሂዱስ? ይቻላል፣ ብዙዎችም ያደርጉታል። ነገር ግን ጨዋታዎቹ የፕሮሰሰሩን ፈጣን ሜሞሪ ይጋራሉ። ትልቅ የነርቭ መረብ (ቦታን መገምገም ከብዙ ምሳሌ የተማረ የፕሮግራም ክፍል) የሚጠቀም ኢንጂን ከዚያ ሜሞሪ ብዙ ይፈልጋል፤ መጨናነቁ ከትንሹ ይልቅ እሱን ይጎዳዋል። ስቶክፊሽ በ2020 በ12ኛው እትሙ የነርቭ መረብ ካስገባ ወዲህ ሌሎቹም ተከትለውታል፣ ስለዚህ ይህ የብዙዎቹ ጉዳይ ሆኗል። ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ያው ኢንጂን ለአሮጌ ፕሮሰሰር የተዘጋጀ ፋይልም፣ ለአዲስ የተዘጋጀ ፋይልም ይኖረዋል። በአዲስ ማሽን ላይ የአሮጌውን ፋይል ካወረዳችሁለት ኢንጂኑን እግሩን አስራችሁ ሩጥ እያላችሁት ነው። አንዳንድ «አስደናቂ ውጤት» የሚባል ነገር ምክንያቱ ይሄው ብቻ ነው።

ግራፊክስ ካርድ ሲመጣ ነገሩ ይብሳል። ከ2018 ጀምሮ ያለው ሊላ የሚባለው ኢንጂን የሚሠራው በዋናነት በግራፊክስ ካርድ ነው፣ ስቶክፊሽ በፕሮሰሰር። ስንት ኮር ከአንድ ካርድ ጋር እኩል ነው? የተፈጥሮ መልስ የለውም። በዋጋ ልታመዛዝኑ ትችላላችሁ፣ በሚበሉት መብራት ልታመዛዝኑ ትችላላችሁ፣ ሁለቱ ግን አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጡም። እኔ በመብራት ማመዛዘኑን እመርጣለሁ፣ ዋጋ በየወሩ ስለሚዋዥቅ። ሌላ የሚመርጥ ሰው ቢኖር አልጣላውም። የምጣላው ምን እንደመረጠ ሳይናገር «እኩል ማሽን ነበር» ካለኝ ሰው ጋር ነው።

ስለዚህ ሲነሳ የአልፋዜሮን ጉዳይ መዝለል አይቻልም፤ የጉግል ኩባንያ ዲፕማይንድ የሠራው፣ ከራሱ ጋር በመጫወት የተማረ ፕሮግራም ነው። በታኅሣሥ 2017 ዲፕማይንድ አልፋዜሮ ስቶክፊሽ 8ን በ100 ጨዋታ ረታው ብሎ አወጣ። 28 ድል፣ 72 አቻ፣ አንድም ሽንፈት የለም። ዓለም ጉድ አለ። የኢንጂን ሰዎች ግን ወዲያው የፈተናውን ሁኔታ አገላበጡ። ስቶክፊሽ 64 የስሌት ክር (ባንዴ ጎን ለጎን የሚሄድ ስሌት) ተሰጥቶት የማስታወሻ ሰንጠረዡ ግን 1 ጊጋባይት ብቻ ነበር። ይህ ሰንጠረዥ ኢንጂኑ ያሰባቸውን ቦታዎች የሚመዘግብበት ነው፤ በሰከንድ 70 ሚሊዮን ቦታ እየመረመረ በ1 ጊጋባይት መሥራት ማለት ገና ሳይደርቅ የጻፈውን መልሶ መሰረዝ ነው። ጊዜው ደግሞ ለእያንዳንዱ እርምጃ ቁርጥ ያለ አንድ ደቂቃ ነበር። ስቶክፊሽ ሰዓቱን አከፋፍሎ፣ አስቸጋሪ ቦታ ላይ ረዘም አድርጎ ለማሰብ ብዙ የተደከመበት ፕሮግራም ነው፤ ያ ችሎታው ሜዳ ላይ አልወጣም። የመክፈቻ መጽሐፍም አልነበረውም፣ እትሙም አንድ ዓመት ያለፈው ነበር። አልፋዜሮ ደግሞ አራት ቲፒዩ የሚባሉ ልዩ ቺፖች ላይ ይሮጥ ነበር፣ ማንም ከሱቅ የማይገዛቸው።

በታኅሣሥ 2018 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው ሙሉ ጥናት ብዙዎቹን ቅሬታዎች መለሰ። 1,000 ጨዋታ ሆነ። ስቶክፊሽ 44 ኮር፣ 32 ጊጋባይት፣ የጨዋታ ማብቂያ ሰንጠረዦች (ጥቂት ጠጠሮች ሲቀሩ ትክክለኛውን ውጤት የሚያሳዩ) ተሰጡት፤ ሰዓቱም ለእያንዳንዱ ወገን 3 ሰዓት፣ በየእርምጃው 15 ሰከንድ እየተጨመረ። አልፋዜሮ 155 አሸነፈ፣ 6 ተሸነፈ፣ ሌላው አቻ። አሁንም ግልጽ ድል ነው። ግን ሁለቱን ወደ ኢሎ እንቀይራቸው። የመጀመሪያው 64 ከመቶ ነው፣ 100 ኢሎ። ሁለተኛው 57 ተኩል ከመቶ ገደማ ነው፣ 52 ኢሎ። ከ100 ጨዋታ የተገኘው ውጤት ሰፊ ስህተት ስላለው፣ ረዘም ያለ ሰዓትም በራሱ አቻ ስለሚያበዛ፣ የቀነሰውን ሁሉ በፈተናው ሁኔታ ላይ ማላከክ አይቻልም። ያም ሆኖ እነዚያ ነቃፊዎች ምቀኞች እንዳልነበሩ ይታያል። ማን ይበልጣል የሚለው መልስ አልተለወጠም፣ በስንት የሚለው ግን ወደ ግማሽ ወረደ።

የጊዜ ገደብ ላይ ብዙ አልቆይም። አጭር ሰዓት ልዩነትን ያሰፋል፣ ረጅም ሰዓት አቻ ስለሚያበዛ ያጠባል። በጣም ባጠረ ሰዓት ደግሞ ሰዓት አልቆበት የሚሸነፍ ኢንጂን ይመጣል፤ ያኔ የምትለኩት ቼዙን ሳይሆን ሰዓት አያያዙን ነው። ዝርዝሮች በተለያየ ሰው ማሽን ላይ ስለሚሠሩ ሰዓቱን ከአንድ መነሻ ማሽን ጋር ያስተካክላሉ፤ የፈጠነ ማሽን ያለው ሰው አጠር ያለ ሰዓት ይሰጣል። ጥሩ ዘዴ ነው፣ ፍጥነቱን የሚለካው ፕሮግራም ራሱ ለአንዱ ዓይነት ፕሮሰሰር እንደሚያደላ ካልረሳን።

መቼ ይቁም የሚለው ግን የተናቀ ርዕስ ነው። አንድ ሠሪ አዲስ እትሙን ከአሮጌው ጋር ያጫውታል፣ ውጤቱን እየቆየ ያያል፣ መሪ የሆነ ለታ ያቆመዋል። አልዋሸም፣ ጨዋታዎቹ እውነተኛ ናቸው። ግን ሳንቲም እየወረወረ ዘውድ ሲበልጥ «በቃ» እንደሚል ሰው ነው፤ ቢጠብቅ ኖሮ ሊገለበጥ ይችል ነበር። የስቶክፊሽ ሰዎች ይህን የፈቱት በ2013 በጀመረው ፊሽቴስት በሚባል መድረክ ነው። ፈቃደኞች ኮምፒውተራቸውን ያውሳሉ፣ አዲስ ሐሳብ ሁሉ እዚያ ይፈተናል። ማቆሚያውን የሚወስነው አብርሃም ዋልድ በ1940ዎቹ ያወጣው ስሌት ነው። ከመጀመሩ በፊት ሁለት ግምት ይቀመጣል፤ ለውጡ ምንም አይረባም የሚልና ይህን ያህል ኢሎ ይረባል የሚል። ጨዋታው እየተጠራቀመ ሲሄድ ማስረጃው ወደ አንዱ በበቂ ሁኔታ ሲያዘነብል ፈተናው በራሱ ይቆማል። ሰው እጁን አያስገባም።

እሱም ቢሆን ፍጹም አይደለም። የስህተት ዕድሉ 5 ከመቶ ከሆነ የማይረቡ 100 ሐሳቦች ቢፈተኑ አምስት ያህሉ በዕድል ያልፋሉ። ለዚያ ነው አንድ ሐሳብ መጀመሪያ በ10 ሰከንድ ጨዋታ ካለፈ በኋላ በ60 ሰከንድ ጨዋታ እንደገና የሚፈተነው።

ከራስ እትም ጋር መጋጠም ሌላ መዘዝ አለው። ሁለቱ እትሞች ዕውቀታቸው አንድ ስለሆነ ትንሿ ልዩነት ትጎላለች። በራስ ላይ 30 ኢሎ የታየ መሻሻል ከሌሎች ኢንጂኖች ጋር ሲፈተን ብዙ ጊዜ ያንሳል። «ካለፈው እትም በ100 ይበልጣል» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ከማን ጋር ተጋጥሞ ብላችሁ ጠይቁ። ተጋጣሚ መረጣም እንደዚሁ ነው። አቻን በመጥላት የተስተካከለ ኢንጂን ደካሞችን በብዛት ይረታል፤ ፈተናው በደካሞች ከተሞላ ሬቲንጉ ያብጣል፣ እኩዮቹ ጋር ሲደርስ ያው አመሉ ያስቀጣዋል።

የቅጂ ጉዳይም አለ። ራይብካ የሚባለው ኢንጂን ከ2005 ማብቂያ ጀምሮ ለዓመታት ዝርዝሮቹን ይመራ ነበር። በ2011 ዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ጨዋታዎች ማኅበር ፍሩትና ክራፍቲ ከሚባሉ ኢንጂኖች ኮድ ወስዷል ብሎ ከ2007 እስከ 2010 ያገኛቸውን የዓለም ሻምፒዮናዎች ነጠቀው። በ2021 ደግሞ የስቶክፊሽ ሠሪዎች ፋት ፍሪትዝ 2 የሚባለው ኢንጂን የተሠራው በእኛ ኮድ ነው፣ ፈቃዱም ተጥሷል ብለው ሻጩን የቼዝ ሶፍትዌር ኩባንያ ቼስቤዝን ከሰሱ፤ በ2022 በስምምነት ተቋጨ። ሬቲንግ ማን ጻፈው ብሎ አይጠይቅም፤ የተሰረቀ ኮድም ጨዋታ ያሸንፋል። ግን አንድ ዝርዝር ውስጥ የአንድ ኢንጂን ዘመዶች በስም ብቻ ተለያይተው ሲበዙ፣ የእነሱን አጨዋወት የሚያውቅበት ኢንጂን ያለ ሥራው ነጥብ ይሰበስባል። ዝርዝሮች ቅጂን ሲያወጡ ሥነ ምግባር ብቻ አይደለም፣ ልኬቱንም ማጽዳት ነው።

እንግዲህ አንድ መስመር አብረን እናንብብ፤ ለምሳሌ ያህል ያዘጋጀሁት ነው። አንድ ኢንጂን፦ 3506፣ ሲደመር ሲቀነስ 9፣ 1,800 ጨዋታ፣ አቻ 70 ከመቶ። ከሥሩ ያለው፦ 3500፣ ሲደመር ሲቀነስ 9፣ 1,800 ጨዋታ። የላይኛው «አንደኛ» ተብሏል። ልዩነታቸው 6 ነው። የሁለቱ ስህተት ሲደመር ግን 18 አይሆንም፣ ሁለቱን ስኩዌር አድርጋችሁ ደምራችሁ ሩት ስታወጡት 13 ገደማ ይመጣል። 6 ከ13 በታች ነው። ስለዚህ ማን አንደኛ እንደሆነ አልታወቀም፤ በሚቀጥለው ሳምንት 200 ጨዋታ ሲጨመር ቦታ ቢቀያየሩ የተሻሻለም የደከመም የለም። ከዚያ ወረድ ብላችሁ የፈተናውን ሁኔታ ፈልጉ፤ ስንት ኮር፣ ስንት ሜሞሪ፣ የማን መክፈቻ፣ ስንት ሰዓት፣ በተጋጣሚ ሰዓት ማሰብ በርቷል ወይስ ጠፍቷል። ይህ ከሌለ 3506 የሚለውን ቁጥር ከየትኛውም ነገር ጋር ልታወዳድሩት አትችሉም።